ጁጂትሱ ጉልበት አይፈልግም ያለው ማነው?

የብራዚል ጁጂትሱ የጀመረ ሰው ገና በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ምክር ደጋግሞ ይሰማል፦ "ጉልበት አትጠቀም፤ ቴክኒክ ተጠቀም።" ምክሩ ትክክል ነው። ብዙ ሰው ግን ተሳስቶ ይረዳዋል። አንዱ ጉልበት ማዳበር ትርጉም የለውም ብሎ ብረት ማንሳቱን ይተዋል። ሌላው ደግሞ ማት (የትግል ምንጣፍ) ላይ ልፍስፍስ ብሎ እስኪያንቁት ይጠብቃል። ምክሩን የሰጠው አሰልጣኝ ራሱ ግን ልምምዱ ሲያልቅ ዴድሊፍት (ብረት ከመሬት ማንሳት) ሲሠራ ይገኛል።

ይህ ማብራሪያ ለሜዳሊያ ለሚሮጥ ሰው አይደለም። ሥራና ቤተሰብ ኖሮት በሳምንት ሁለት ወይ ሦስት ቀን ብቻ ማት ላይ ለሚወጣ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ትርፍ ሰዓት የለውም። ያለችውን ሰዓት ምን ላይ እንደሚያውላት ግን መምረጥ ይችላል። ትልቁ ለውጥም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ለመሆኑ ይሄ ስፖርት ምን ዓይነት ነው?

እኛ አገር የማርሻል አርት ወሬ ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው ቴኳንዶ ወይም ካራቴ ነው። ጁጂትሱ ውስጥ እርግጫም ቡጢም የለም። ተጋጣሚን ይዞ መጣል፣ መሬት ላይ መቆጣጠር፣ ከዚያም አንገቱን አንቆ ወይም መገጣጠሚያውን ቆልምሞ እጅ ማሰጠት ነው። እጅ የሰጠ ሰው ተጋጣሚውን ወይም ወለሉን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል። ይህ "ታፕ" ይባላል። ታፕ ሲደረግ ወዲያው ይለቀቃል።

ታፕ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ሙሉው ሥልጠና የቆመው በእሱ ላይ ነው። ቡጢን በየቀኑ በሙሉ ኃይል መለማመድ አይቻልም፤ ጭንቅላት አይችለውም። ማነቅን ግን እውነተኛ ትግል ውስጥ መለማመድ ይቻላል፤ ጉዳት ሳይደርስ የሚቆምበት ምልክት አለና። የጁጂትሱ መሠረት የጃፓኑ ጁዶ ነው። ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 ጁዶን ሲመሠርት ነፃ ትግልን የልምምዱ እምብርት አደረገው። ከእሱ ትምህርት ቤት የወጣው ሚትሱዮ ማዬዳ እ.ኤ.አ. በ1914 ብራዚል ገባ። የግሬሲ ቤተሰብ ትምህርቱን ከእሱ ወስዶ ወደ መሬት ትግል አደላው። ዛሬ አቡ ዳቢ ውስጥ ሕፃናት በመደበኛ ትምህርት ቤት ሳይቀር ይማሩታል።

"ጉልበት አያስፈልግም" የሚለውስ ከየት መጣ?

ከኤሊዮ ግሬሲ ታሪክ ነው። ቤተሰቡ እንደሚተርከው ኤሊዮ ከሲታ ስለነበር የጁዶውን ቴክኒክ ለራሱ አቅም እንዲመች አድርጎ አሻሻለው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1993 ልጁ ሮይስ ዩኤፍሲ በተባለው የድብልቅ ፍልሚያ የመጀመሪያ ውድድር፣ አሜሪካ ዴንቨር ላይ በአንድ ምሽት ሦስት ተጋጣሚ አሸነፈ። 80 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ፈርጣማ ያልሆነ ሰው ነበር። ያየው ሁሉ ጉድ አለ። "ቴክኒክ ካለ ጉልበት ምን ያደርጋል?" የሚለው ከዚያ በኋላ እንደ እምነት ተያዘ።

የሚረሳው ነገር አለ። የዚያን ጊዜ አብዛኞቹ ተጋጣሚዎች መሬት ላይ ሲወድቁ ምን እንደሚደረግ አያውቁም ነበር። ዛሬ አጠገባችሁ የሚሠለጥነው ሁሉ የምታውቁትን ያውቃል። ደግሞስ ጉልበትና ክብደት ዋጋ ከሌላቸው ውድድር ላይ ሚዛን ምን ይሠራል? ዓለም አቀፉ የብራዚል ጁጂትሱ ፌዴሬሽን ለአዋቂ ወንዶች ዘጠኝ የክብደት ምድብ አለው። ታችኛው የስፖርት ልብሱን ጨምሮ እስከ 57.5 ኪሎ ነው። ላይኛው ገደብ የለውም።

እኔ ነገሩን የማየው እንዲህ ነው። ችሎታ በጣም ሲበላለጥ ቴክኒክ ጉልበትን ይረታል። ችሎታ ሲቀራረብ ጠንካራው ያሸንፋል። ጀማሪ ደግሞ በብዛት የሚታገለው በችሎታ ከሚቀራረበው ሰው ጋር ነው።

ታዲያ "ጉልበት አትጠቀም" ሲሉን ምን ማለታቸው ነው?

አንድ ሁኔታ ጠጋ ብለን እንይ። ጀርባችሁ መሬት ላይ ነው። ተጋጣሚ በጎን በኩል ደረቱን ደረታችሁ ላይ ጭኖ ተጋድሟል። ይህ "ሳይድ ኮንትሮል" ይባላል። ጀማሪ እዚህ ሲገባ የሚያደርገው ተመሳሳይ ነው። ሁለት እጁን ዘርግቶ ሰውየውን ሽቅብ ይገፋል። ትንፋሹን ይይዛል። ጥርሱን ይነክሳል። ብረት ሲገፉት ዝም ብሎ ይነሳል፤ ሰው ግን ክብደቱን እያዘዋወረ መልሶ ይጫናል። ጥቂት ሴኮንድ ሳይቆይ ክንድ ይዝላል። የባሰው ደግሞ የተዘረጋ ክንድ ለመቆልመም የተመቸ ነው። ታፕ።

የለመደው ሰው አይገፋም። አንዱን ክንድ አጥፎ ከተጋጣሚው አንገት ሥር ያስገባል። ሌላውን ክንድ የተጋጣሚው ዳሌ ላይ ይተክላል። ክርኖቹን ከራሱ ጎን አያርቅም። ክንዱ ተጋጣሚውን አያነሳም፤ ወደ ውስጥ እንዳይጠጋ ይደግፈዋል እንጂ። ይህ ድጋፍ "ፍሬም" ይባላል። ከዚያ ሁለት እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ዳሌውን በኃይል ወደ ላይ ያነሳል። ተጋጣሚው ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲል ለቅጽበት ቀለል ይላል። ያኔ የታችኛው ዳሌውን ወደ ኋላ ያሸሻል። መሃል ላይ ክፍተት ይፈጠራል። እግሩን አጥፎ እዚያች ክፍተት ውስጥ ይከታል። አሁን በሁለቱ መካከል እግር አለ፤ ይህ "ጋርድ" የሚባለው መከላከያ ነው።

እዚህ ውስጥ ጉልበት የለም? ሞልቷል! ዳሌን ያነሳው የመቀመጫና የጭን ጡንቻ ነው። ፍሬሙ እንዳይፈርስ የያዘው የትከሻና የሆድ ጡንቻ ነው። ልዩነቱ ኃይሉ የወጣው ከትልልቆቹ ጡንቻዎች መሆኑና በትክክለኛዋ ቅጽበት መውጣቱ ነው። "ጉልበት አትጠቀም" ማለት በትንሽ ጡንቻ ትልቅ ክብደት አትጋፈጥ፣ ያለጊዜውም አትጨርሰው ማለት ነው።

በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እየሄድኩ ችሎታዬ እንዴት ያድጋል?

የተለመደው ክፍል ይህን ይመስላል። ማሟሟቂያ ይሠራል። አሰልጣኙ ሁለት ሦስት ቴክኒክ ያሳያል። ጥንድ ጥንድ ሆኖ ዝም ብሎ በተኛ ጓደኛ ላይ ይደጋገማል። መጨረሻ ላይ "ሮል" የሚባለው ነፃ ትግል አለ። ብዙ ሰው የሚያማርረው እዚህ ጋ ነው፤ "ሲያሳዩኝ ይገባኛል፣ ሮል ላይ ግን አንዱም አይመጣልኝም።"

አይገርምም። ባዶ ሜዳ ላይ መሪ መያዝ የተማረ ሰው በማግስቱ ከሥራ መውጫ ሰዓት መገናኛ ላይ ቢነዳ ምን ይሆናል? መኪናው ያው ነው፣ መሪውም ያው ነው። የጠፋው ከግራ ሚኒባስ ሲገባበት፣ ከፊት ሰው ሲያቋርጥ መወሰን ነው። የማይታገል ጓደኛ እጅ እንዴት እንደሚቀመጥ ያስተምራል። መቼ እንደሚቀመጥ የሚያስተምረው የሚታገለው ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ ከተወሰነ ቦታ የሚጀመር ትግል ነው። እንዲህ ይሠራል። ጓደኛችሁ ሆዳችሁ ላይ ይቀመጣል፤ ቦታው "ማውንት" ይባላል። ሦስት ደቂቃ ይያዛል። የታችኛው ሥራ አንድ ብቻ ነው፦ ከተጋጣሚው እግሮች አንዱን በሁለት እግሩ መሃል ማስገባትና መያዝ። የላይኛው ሥራ ደግሞ አለመውረድ። ማነቅ የለም፣ መቆልመም የለም። ከተሳካ ወዲያው ወደ መነሻው ተመልሶ እንደገና ይጀመራል። ሳምንት ቆይቶ ለላይኛው ማነቅ ይፈቀድለታል። ነገሩ ይከብዳል፤ ግን መሠረቱ ተጥሏል።

ለምን ይሠራል? ሒሳቡ ቀላል ነው። በአምስት ደቂቃ ነፃ ትግል ውስጥ ከማውንት የመውጣት ዕድል አንዴ ቢመጣ ነው፤ እሱም ደክሟችሁ። ከተወሰነ ቦታ ሲጀመር በሦስት ደቂቃ ብቻ ብዙ ጊዜ ይሞከራል። በየሙከራውም ተጋጣሚው የሚሰጠው ምላሽ ይለያያል።

መለያየቱ ራሱ ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. በ1979 ሼይ እና ሞርጋን የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን የተለያዩ የእጅ እንቅስቃሴዎች አስተምረው ነበር። አንዱ ቡድን አንዱን እንቅስቃሴ ጨርሶ ወደ ሌላው አለፈ። ሌላው ቡድን እያቀያየረ ሠራ። በልምምዱ ወቅት የተሻለው የመጀመሪያው ነበር። ከቀናት በኋላ ሲፈተኑ ግን የበለጠ ያስታወሰው እያቀያየረ የተቸገረው ቡድን ሆነ። እርግጥ ነው፣ የቤተ ሙከራ የእጅ እንቅስቃሴና ሙሉ ትግል አንድ አይደሉም። ቢሆንም ልምምድ ላይ "ዛሬ ሁሉም ተሳካልኝ" የሚለው ስሜት የመማር ማረጋገጫ አለመሆኑን ያሳያል።

ሌላው ነገር ርዕስ መምረጥ ነው። ለአንድ ወር አንድ ነገር ብቻ ያዙ። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ከታች ስለሆነ መውጣትን ማስቀደም ይሻላል። ከታች መውጣት የሚችል ሰው መሞከር አይፈራም፤ ቢሳሳት መመለሻውን ያውቃል። ዩቲዩብ ላይ በቀን አስር ቴክኒክ ማየትን በተመለከተ፣ መዝናኛ ከሆነ ይመቻችሁ። ትምህርት ነው ብላችሁ ግን ራሳችሁን አትሸውዱ። ለወሩ ርዕስ የሚሆን አንድ ቪዲዮ ይበቃል።

ከማን ጋር መታገልም ለውጥ ያመጣል። ከእናንተ በጣም ከሚበልጥ ሰው ጋር መከላከል ትማራላችሁ። አዲስ ነገር የሚሞከረው ግን ከአዳዲሶቹ ወይም ቀለል ካሉት ጋር ነው። ጉልቤውን ብቻ እየመረጡ መግጠም ወኔ ያሳያል እንጂ ችሎታ አይጨምርም።

ብረት ማንሳትስ የግድ ነው?

ጂም መግባቱ የግድ አይደለም። ጉልበት መጨመሩ ግን ይጠቅማል፤ ለማሸነፍ ብቻ ሳይሆን ላለመጎዳትም። ደስ የሚለው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመጣው የጥንካሬ ለውጥ በአብዛኛው ከጡንቻ ማደግ አይደለም። ነርቭ ያለውን ጡንቻ በተሻለ ማዘዝ ስለሚጀምር ነው። ስለዚህ ለውጡ ቶሎ ይታያል፤ ክብደትም ብዙ አይጨምርም።

ለትርፍ ጊዜ ተማሪ በሳምንት ሁለት ቀን፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ ይበቃል። የሚያስፈልገው ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ ከመሬት ማንሳት፣ ወደ ራስ መሳብ፣ መግፋትና ተሸክሞ መሄድ ነው። ስኳት፣ ዴድሊፍት፣ ፑል አፕ፣ ፑሽ አፕ ይሉታል። ለመሸከሙ ጀሪካን አለ። ባለ20 ሊትሩ ውኃ ሲሞላ 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በግራና በቀኝ ይዞ ግቢ ውስጥ መመላለስ መዳፍንም ወገብንም ያጠነክራል። የተጋጣሚን ልብስ ለሚይዘው እጅ ደግሞ ፎጣ በብረት ላይ አንጠልጥሎ እሱን ጨብጦ መንጠልጠል ነው።

እያንዳንዱን ሦስት ዙር፣ በዙሩ ከአምስት እስከ ስምንት ጊዜ ሥሩ። ዋናው ሕግ ግን ይሄ ነው፦ ሁለት ጊዜ መድገም የሚያስችል አቅም ሲቀራችሁ አቁሙ። ሲቀል በትንሹ ጨምሩ። ራሳችሁን ጨርሳችሁ ከሠራችሁ በማግስቱ ሰውነታችሁ ተሰባብሮ ማት ላይ ትወጣላችሁ። የጉዳት በር ደግሞ ያ ነው። ከባድ የእግር ሥራን ከትግል ቀን በፊት ባለው ምሽት አታድርጉት። ከትግል በኋላ ወይም በዕረፍት ቀን ይሁን።

ለምንድነው ትንፋሼ ቶሎ የሚያልቀው?

የልብና የሳንባ አቅም አንድ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከገልፍ ወይም ከቆላ ለመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዱታል። ጀማሪን በብዛት የሚያደክመው ግን ትንፋሽ መያዝና ያለማቋረጥ መጨበጥ ነው። ጥብቅ ብሎ የተጨመቀ ጡንቻ ደም በደንብ አይዘዋወርበትም። አንድ ሙሉ ዙር ትኩረታችሁን ትንፋሽ ማውጣት ላይ ብቻ አድርጋችሁ ሞክሩ። ስትገፉም፣ ሲጫኗችሁም አውጡ። ከዚያ ሌላ በሳምንት አንድ ቀን ማውራት በሚያስችል ፍጥነት 40 ደቂቃ መሮጥ ወይም ዳገት በፍጥነት መውጣት በቂ ነው።

በጾም ጊዜ ጥንካሬ አይወርድም?

ይህ ጥያቄ የእኛ ነው። ጡንቻ ለሚገነባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመከረው የፕሮቲን መጠን በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ግራም ገደማ በቀን ነው። ለ70 ኪሎ ሰው 112 ግራም ይሆናል። በጾም እዚያ መድረስ ይከብዳል፤ መጠጋት ግን ይቻላል። በደረቁ ሲመዘን 100 ግራም ምስር 25 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። 100 ግራም የሽሮ ዱቄት 20 ገደማ፣ 60 ግራም ኦቾሎኒ 15 ገደማ። ጤፍም ባዶ አይደለም፤ 100 ግራም ዱቄት 13 ግራም አለው። የ250 ግራም ዱቄት እንጀራ ሲጨመር ድምሩ ወደ 90 ግራም ይጠጋል። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ።

እስከ ከሰዓት ለሚጾም ሰው ከባዱን ልምምድ ከምግብ በኋላ ማድረግ ይሻላል። በረመዳን ደግሞ ውኃም ስለማይጠጣ ከኢፍጣር በፊት ቀለል ያለ የቴክኒክ ሥራ ብቻ፣ ብረቱና ትግሉ ከኢፍጣር ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ይሁን። እንዲህ ባሉ ሳምንታት ዓላማው መጨመር ሳይሆን ያለውን ማቆየት ነው። ለማቆየት የሚያስፈልገው ልምምድ ለመጨመር ከሚያስፈልገው በጣም ያነሰ ነው።

ታፕ ማድረግ ሽንፈት አይደለም ወይ?

ልምምድ ላይ አይደለም። እኛ ጋ ግን "ሞቼ እገኛለሁ" የሚል እልህ አለ። ለዚህ ስፖርት ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። በአንገት ግራና ቀኝ ወደ አንጎል የሚወጣው ደም ሲቋረጥ ሰው በአስር ሴኮንድ ገደማ ራሱን ይስታል። ተረከዝ በመጠምዘዝ የሚሠራው "ሂል ሁክ" ደግሞ የበለጠ አታላይ ነው። ሕመሙ ሲሰማ የጉልበት መገጣጠሚያ ጅማት ቀድሞ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ፌዴሬሽኑ በጊ፣ ማለትም በስፖርት ልብሱ በሚደረግ ውድድር ጨርሶ ይከለክለዋል። ያለ ጊ ለአዋቂዎች የፈቀደው እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ነው፤ ያውም ለቡናማና ለጥቁር ቀበቶ ብቻ። ጀማሪ ከሆናችሁ ተረከዛችሁ ሲያዝ አታስቡበት፤ ታፕ አድርጉ።

ስለ ንጽሕናም አንድ ነገር ልበል። ጭርት ማት ላይ በቀላሉ ይተላለፋል። ልብስ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ይታጠብ፣ ጥፍር ይቆረጥ። ክብ ክብ እያለ የሚያሳክክ ነገር ቆዳችሁ ላይ ካያችሁ ታክማችሁ እስኪድን ከማት ራቁ። "ትንሽ ነው" ብሎ መምጣት ክፍሉን በሙሉ ማስያዝ ነው።

ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ቀበቶውስ መቼ ይመጣል?

የአዋቂዎች ቀበቶ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ቡናማና ጥቁር ነው። ሰው ብዙ ጊዜ ጥቁር ላይ ለመድረስ አስር ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። በሳምንት ሁለት ቀን የሚሠራ ሰው ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ቀበቶን መለኪያ ያደረገ ሰው ረጅም ጊዜ ያለ መለኪያ ይቀመጣል። ይልቅ ጥያቄው "ከስድስት ወር በፊት ያነቀኝ ሰው ዛሬ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል?" ቢሆን የተሻለ መልስ ይገኛል።

ለዕድሜ ደግሞ የውድድሩ ሕግ ራሱ ቦታ ሰጥቷል፤ ከ30 ዓመት ጀምሮ የ"ማስተር" ምድቦች አሉ። ከማርከስ ሳሙኤልሰን ጋር ኢትዮጵያን የጎበኘው ሼፍና የቴሌቪዥን ሰው አንቶኒ ቦርዴን ጁጂትሱ የጀመረው በ50ዎቹ ዕድሜው መጨረሻ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ኒው ዮርክ ላይ በሰማያዊ ቀበቶ በዕድሜ ምድቡ ወርቅ ወስዷል።

40ን ላለፈ ሰው የሚቀየረው የማገገሚያው ጊዜ ነው። ልምምዱ ከበዛበት ሮሉን ይቀንስ፤ አምስት ዙር የነበረው ሦስት ይሁን፣ ሁለቱ ከተወሰነ ቦታ የሚጀመሩ ይሁኑ። የብረቱን ቀን ግን ባይነካው ይመረጣል። በዚያ ዕድሜ ጡንቻ በራሱ መቀነስ ይጀምራል፤ የሚያቆየው እሱ ነው።